ወባን እሸት ያመጣል የሚሉት አማትሽ ግማሽ እውነት አላቸው

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን እትዬ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። መምህርት ነኝ። ካገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ አሁን የምኖረው ከቡሬ ወደ ብር ሸለቆ ወረድ ብሎ፣ የባለቤቴ ቤተሰቦች ግቢ ውስጥ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አለኝ፤ የአምስት ወር እርጉዝም ነኝ። ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፣ እኔን ግን ፍርሃት ይይዘኛል። አምና ከመስቀል እስከ ኅዳር ቤታችን ከበሽተኛ አልተለየም። መጀመሪያ ልጄን ዓይኑን አመመው፣ ከዚያ ተቅማጥ፣ ከዚያ ጉንፋን። እኔን ትኩሳት ሲይዘኝ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ‹ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ› ተብዬ መርፌ ተወጋሁ። በሳምንቱ ወባ ሆኖ ተገኘ። አማቴ ‹እሸት በቆሎ በልተሽ ነው› ይላሉ። ዘንድሮ እኔም ልጄም እሸት እንዳንነካ ከልክለውናል። እሳቸው ግን እየጠበሱ ይበላሉ፤ ‹እኔ ለምጄዋለሁ› ነው መልሳቸው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ጃዊ ወርዷል፣ ኅዳር ላይ ይመለሳል። አምናም ታሞ ነበር የመጣው። ምን ላድርግ? ከየቱ ልጀምር?

የልጅ እናት ነኝ፣ ከቡሬ ወረድ ብሎ»

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ፍኖተ ሰላም አካባቢ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ የነገርሽኝን መስከረም አውቀዋለሁ። ሜዳው ቢጫ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ የጤና ጣቢያው ደጅ ደግሞ ጋቢ ለብሶ በሚንቀጠቀጥ ሰው የተሞላ። የዘመን ቆጣሪዎቹ ከመስከረም 26 በኋላ ያለውን ወቅት መፀው ነው የሚሉት። ሬዲዮውም ሰዉም ጸደይ ብሎታልና እኔም ጸደይ እያልኩ ልቀጥል።

ከእሸቱ ልጀምር፣ ቤታችሁን ያወከው እሱ ነውና። ወባ በመብል አይመጣም። እሸት ጠብሰሽ ብትበዪም ቀቅለሽ ብትበዪም ወባ አይዝሽም። በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው ሴቷ የወባ ትንኝ ናት።

ግን በአማትሽ ለመሳቅ አትቸኩዪ። ነገሩ የተጠናው እዚያው አንቺ ያለሽበት አገር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቡሬ ላይ ማንም ያልጠበቀው ወባ ገባ። ከተማዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እንደ ቆላ የሚያያት ሰው አልነበረም። በዚያው ዘመን ደግሞ ቢኤች 660 የሚባለው ምርጥ ዘር በቆሎ በወረዳው በሰፊው ተዘርቶ ነበር። ይህ በቆሎ ዘግይቶ ነው የሚያብበው፤ ልክ ነሐሴና መስከረም ላይ፣ ትንኟ በምትራባበት ጊዜ። በቆሎ ሲያብብ ከጫፉ የሚበነውን ቢጫ ዱቄት አይተሽዋል። አንገትጌ ውስጥ ገብቶ የሚያሳክከው እሱ ነው። ዱቄቱ ነፋስ ይዞት ከእርሻው አጠገብ ያለ ኩሬ ላይ ይወድቃል። በኩሬው ያለችው የትንኝ እጭ እሱን ትበላለች። ያን የበላች እጭ ቶሎ ታድጋለች፣ ገዝፋ ትወጣለች፣ በሕይወት የምትተርፈውም ትበዛለች። ተመራማሪዎች በቆሎ በብዛት የሚዘራባቸውን ቀበሌዎች ጥቂት ከሚዘራባቸው ጋር ሲያነጻጽሩ ወባው በብዙ እጥፍ በልጦ አገኙት።

እንግዲህ አማትሽ እሸት ሲደርስ ወባ እንደሚመጣ ዕድሜ ልካቸውን አይተዋል። ያዩት ልክ ነው። የሳቱት መንገዱን ነው። በቆሎው የሚመግበው የትንኟን ልጆች ነው እንጂ በሽታው በአፍ አይገባም። ይህን በዚህ መልክ ብትነግሪያቸው «ውሸትዎን ነው» ከማለት ይሻላል። እኔ ስሠራ ብዙ እናቶችን ያጣሁት እንደዚያ እየተናገርኩ ነው፤ ወጣት ነበርኩ፣ ያስተማሩኝን ሁሉ ባንዴ መድፋት እወድ ነበር።

«ለምጄዋለሁ» ያሉትም ከባዶ አልተነሣም። ወባ ባለበት አገር ዕድሜውን የኖረ ሰው በተደጋጋሚ ሲያዝ ሰውነቱ በመጠኑ ይለምዳል። አንቺ ግን የማርቆስ ልጅ ነሽ። ብርድ እንጂ ወባ አታውቂም። ልጅሽም ገና ሦስት ዓመቱ ነው። በዚያ ላይ እርጉዝ ነሽ። በእርግዝና ጊዜ ወባ ይበረታል፤ ደም ያሳንሳል፣ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል፣ ሕፃኑም ክብደቱ ቀንሶ ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ ከየቱ ልጀምር ላልሽው መልሱ ወባ ነው። ሌላውን ወደ በኋላ በአጭሩ እመጣበታለሁ።

ሐምሌና ነሐሴ እያለ ለምን ጸደይ ሲገባ? ዝናቡ እንደጉድ ሲወርድ ጎርፉ እጩን ጠርጎ ይወስደዋል። ዝናቡ ቀነስ ሲል ነው ጉዱ የሚመጣው። ወንዙ እየጎደለ ዳር ዳሩን ኩሬ ትቶ ይሄዳል። ከብት የረገጠው ጭቃ ውስጥ ኮቴው ውሃ ይይዛል። ፀሐይ ደግሞ ያሞቀዋል። የእኛ አገር የወባ ትንኝ የምትወደው ይህን ነው፤ ትንሽ፣ የቆመ፣ ፀሐይ ያገኘው ውሃ። ጥልቅ ባሕር አትፈልግም፤ የበሬ ኮቴ ይበቃታል። ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ አንድ ሁለት ሳምንት ነው የሚፈጅባት።

አያቶቻችን በ1951 የደረሰውን ሲያወሩ ይሰቀጥጣቸው ነበር። በዚያ ዓመት ወባው በተለይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለውን ወይና ደጋ መታው። 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ያ ሁሉ ሰው የሚኖረው «እዚህ ወባ የለም» በሚባል አገር ነበር።

አሁን ወደ ግቢሽ እንግባ። ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤትሽን አካፋ አስይዘሽ አብራችሁ ዙሩ። መጀመሪያ የምታዩት ቤቱ ሲሠራ ጭቃ የተቆፈረበትን ጉድጓድ ነው። በእርግጠኝነት ከቤቱ አጠገብ አለ፤ በእርግጠኝነት ውሃ አለበት። ጎንበስ ብለሽ እይው። ከውሃው ፊት ጋር ጠፍጠፍ ብላ የተጋደመች ትንሽ ትል መሳይ ካየሽ የወባ ትንኝ እጭ ናት። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የተንጠለጠለው ሌላ ዓይነት ትንኝ ነው፤ እሱም ይናከሳል፣ ወባ ግን አያመጣም። ጉድጓዱን ድፈኑት። የማይደፈነውን ቦይ ቀዳችሁ አፍስሱት። ከብቱ ውሃ የሚጠጣበት ዙሪያ የሚጠራቀመውንም እንዲሁ። በሳምንት አንዴ ይህን ካደረጋችሁ እጯ ክንፍ ሳታወጣ ትደርሱባታላችሁ።

በቆሎውን ንቀሉ አልልም፤ እንጀራችሁ ነው። ግን ለከርሞ ከግድግዳው ጥግ ድረስ አትዝሩት። ከቤቱና ከኩሬው ራቅ ይበል። በቤቱ ዙሪያ ድንች ወይም ጎመን ቢሆን ምን ይጎድላል?

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ክረምት ላይ የቤት ርጭት የሚያደርጉ ልጆች መጥተው ነበር? ከመጡስ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለመስቀል ግድግዳውን ለቅልቃችኋል? ይህን የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። ብዙ ቤት አይቻለሁ። ኬሚካሉ ግድግዳው ላይ ተረጭቶ ወር ሳይሞላው እመቤቲቱ እበቷን በጥብጣ፣ በዓመት በዓል ወጉ ነውና፣ ቤቱን አሳምራ ትለቀልቀዋለች። ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ ግድግዳ ላይ ነው የምታርፈው። እዚያ ስታርፍ እንድትሞት ነው የሚረጨው። ከተለቀለቀ ግን ኬሚካሉ ከእበቱ ሥር ተቀብሯል፤ እሷ ምን ትሆናለች? የዘንድሮው አልፎ ከሆነ አልፏል። ለከርሞ ርጭቱ ከመድረሱ በፊት ለቅልቂ፣ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ እጅሽን ሰብስቢ።

አጎበር እንዳላችሁ አልነገርሽኝም። ቆላ ውስጥ ብዙ ቤት አለ፤ ያለው ግን አልጋ ላይ አይደለም። በርበሬ ሲሰጣበት አይቻለሁ። የበግ ገመድ ሆኖ አይቻለሁ። አንድ ቤት ደግሞ ዶሮ እንዳይገባ የጎመን መደብ ዙሪያ ታጥሮበት፣ ጎመኑ ከወባ ተጠብቆ ቤተሰቡ በሙሉ ታሞ ተኝቷል። አሁን እስቃለሁ፣ ያኔ ግን አልቅሼ ነበር። እናንተ ቤት ያለው ቀዳዳ ካለበት ዛሬውኑ በመርፌ ስፊው። አዲስ ከሆነ አንድ ቀን ጥላ ላይ አናፍሽው። ሲቆሽሽ በለስላሳ ሳሙና እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ ግን አታስጪው፤ መድኃኒቱን ፀሐይ ይገድለዋል። ማታ ጫፉን ከፍራሹ ወይም ከሰሌኑ ሥር ወትፊው። መደብ ላይ የምትተኙ ከሆነ ከጣሪያው ማገር ላይ አራት ክር አውርደሽ እሰሪው። አንቺና ልጁ መጀመሪያ። አጎበሩ አንድ ብቻ ከሆነ ባልሽ ይታገስ።

እዚህ ላይ እውነቱን እናውራ። ትንኟ እስክትተኙ አትጠብቅም። ሲመሽ፣ ገና ቡናው ሳይወርድ ትጀምራለች። ስለዚህ የምሽቱን ወሬ ከደጅ ወደ ቤት አስገቡት፣ ለልጁ እጅጌ ያለው ልብስና ረጅም ሱሪ አልብሺው። በቆሎ ጥበቃ ማማ ላይ የሚያድር ሰው ካለ ደግሞ አጎበሩን ማማው ላይ ይስቀል። ይህን ስል ወንዶቹ ይስቃሉ። ይሳቁ። ጋቢ ከጅብ እንጂ ከትንኝ አያድንም፤ ከጅብም ቢሆን እንጃ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ፣ ትኩሳት።

የራሴን ጉድ ልንገርሽ። የደመራ ዕለት ትልቁ ልጄን ትኩሳት ያዘው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲጫወት ስለዋለ «ምች ነው» አልኩ። ዳማ ከሴ ቀጥፌ፣ በእጄ አሽቼ፣ ጨምቄ አጠጣሁት፣ ሰውነቱንም ቀባሁት። ላብ ላብ አለውና ተኛ። እፎይ አልኩ። በማግስቱ ተነሣ፣ ማታ ደግሞ ተመለሰበት። እንደገና ዳማ ከሴ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገልብጦ ተንፈራገጠብኝ። ነርስ ሆኜ! ቤቴ ከምሠራበት ቦታ የሃያ ደቂቃ መንገድ ሆኖ! ዳነልኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ከዚያ ወዲያ ዳማ ከሴ ሲሸተኝ የሚታየኝ የዚያን ዕለት ፊቱ ነው።

ዳማ ከሴውን አልጠላም፤ ለምች አያቶቻችን ሲሞክሩት ኖረዋል። ነጭ ሽንኩርቱንም ፌጦውንም ብሉ። ግን ቆላ ውስጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ትኩሳት ያለው ሰው ሁሉ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ወባ ነው ብለሽ ያዢው። ከ24 ሰዓት አትለፊ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጣት ወግታ በአንዲት ጠብታ ደም ትመረምርሻለች። በሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ በግማሽ ሰዓት ይታወቃል። ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው። መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው በቅርብ ያለችውን ቀድመሽ እወቂያት የምልሽ። ስልኳን ያዢ፣ መድኃኒት መኖሩን ጠይቂ። ምርመራው ወባ የለም ካለ፣ ትኩሳቱ ግን ካልለቀቀ በማግስቱ ተመለሺ።

ልጁ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከተንፈራገጠ፣ ወይም ፈዝዞ ሲጠሩት ካልሰማ ግን ኬላ አትቁሚ። በተገኘው ነገር ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አድርሺው። ለአንቺም እንደዚያው፣ በተለይ ሽንትሽ ከጠቆረ።

አምና ክሊኒኩ ያደረገሽን በተመለከተ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። «ታይፎይድና ታይፈስ» በእኛ አገር ጥምር ስም ሆኗል፣ እንደ ጨውና በርበሬ። ለዚያ በብዛት የሚደረገው የደም ምርመራ ሰውነትሽ ከዓመታት በፊት ከተመሳሳይ ተሐዋሲ ጋር ተገናኝቶ ከነበረም «አለ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «አለ» ስለተባለ ብቻ ዛሬ ታመሻል ማለት አይደለም። ሌላ ጊዜ ትኩሳት ይዘሽ ስትሄጂ «የወባስ ምርመራ?» በዪ። አትፈሪ። ታካሚ ሲጠይቅ የሚቆጣ ባለሙያ ካጋጠመሽ ሌላ ቦታ ሂጂ።

ወባ ከሆነ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ቶሎ የሚገድለው ነው፤ ለእሱ የሚሰጠው ኮአርተም ይባላል። ስድስት ጊዜ፣ በሦስት ቀን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት ቆይቶ ይዋጣል፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ ነው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ይጠፋና ሰዉ የቀረውን ፍሬ «ለሌላ ጊዜ» ብሎ ቁምሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። እንዳታደርጊው። ይህ መድኃኒት ደግሞ ከቅባት ጋር ሲዋጥ ነው ሰውነት በደንብ የሚወስደው። ወተት ጥሩ ነው። «ጽጌን እጾማለሁ» ካልሽ በዘይት የተሠራ ወጥ ብዪበት፤ ጎጃም ኑግ አልጠፋም። በሽተኛና እርጉዝ ስለመጾም ደግሞ የነፍስ አባትሽን ጠይቂ፤ እኔ የማውቃቸው ቄስ ሁሉ «ብዪ» ነው ያሉት።

ሁለተኛው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያገረሻል። ሰው «ወባ አንዴ ከያዘ አይለቅም» የሚለው እሱን አይቶ ነው። ይለቃል። ከጉበት የሚያስወጣው ፕሪማኪን የሚባል መድኃኒት ነው፣ ግን ለእርጉዝ አይሰጥም። ስለዚህ የትም ስትታከሚ መጀመሪያ የሚወጣሽ ቃል «እርጉዝ ነኝ» ይሁን፤ ሆድሽ በነጠላ ተሸፍኖ ላይታያቸው ይችላል።

ወደ ወንድማችሁ ልምጣ። የእሱ ነገር ያሳስበኛል። ጃዊ፣ መተማ፣ ሁመራ ለአጨዳ የሚወርደው ልጅ ቀን ጠራራ ላይ ይውላል፣ ማታ ሜዳ ላይ ወይም ጠባብ ዳስ ውስጥ ከሃያ ሰው ጋር ይተኛል። ስልክ ከያዘ ዛሬ ደውሉለት። አጎበር ይግዛ ወይም ይላክለት። ሲመለስ ደህና መስሎ ሊመጣ ይችላል። ትንኝ ከነከሰች በኋላ ወባው እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃልና፣ ጃዊ የተነከሰው ልጅ የሚታመመው እናንተ ቤት ነው። እናንተ ቤት ያለችው ትንኝ ደግሞ ከእሱ ወስዳ ለልጅሽ ታደርሳለች። ስለዚህ ሲመጣ አጎበር ሥር ይተኛ፤ በወሩ ውስጥ ትንሽ ትኩሳት ከተሰማው ያንኑ ቀን ይመርመር፣ የት እንደሠራም ይናገር። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ ካላዛር ሊሆን ይችላል፤ መተማና ሁመራ የሠራ ሰው ይህን አይርሳ። የለበሰውን ሁሉ በፈላ ውሃ ቀቅሉት። ተስቦና ግርሻ የሚባሉት የትኩሳት በሽታዎች በቅማል ነው የሚመጡት፣ ቅማል ደግሞ የተጨናነቀ መኝታ ትወዳለች። «ተናቅሁ» እንዳይል እናቱ ቢያደርጉት ይሻላል።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ዓይኑ። መስከረም የዝንብ ወር ነው። ትራኮማን፣ አገሬው ማዝ የሚለውን፣ ከልጅ ዓይን ወደ ልጅ ዓይን የምታመላልሰው ዝንብ ናት፤ የጋራ ፎጣና የእናት ነጠላ ጫፍም ያደርሱታል። ክልላችን በአገሪቱ በዚህ በሽታ በጣም ከተጎዱት አንዱ ነው። ዝንቧ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፣ ስለዚህ መጸዳጃ ቤቱ ክዳን ይኑረው። የልጁን ፊት ጠዋትና ማታ እጠቢው፣ ዓይነ አሩ ሳይደርቅ። ውሃ ይበዛል አትበዪ። ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን በምስማር ብሺ፣ ዘቅዝቀሽ መጸዳጃው በር ላይ ስቀዪ። ጫን ስታደርጊው ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። እኔ በአንዲት ሃይላንድ አራት ልጅ ፊቱንም እጁንም ሲታጠብ ቆጥሬያለሁ። ትምህርት ቤትሽም ስቀይው፣ መምህርት አይደለሽ?

ተቅማጡ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ የእኛ አገር ምንጭ ሞልቶታል፣ ክረምቱን ሙሉ ግን ጎርፍ የሜዳውን ቆሻሻ ጠርጎ ምንጩ ውስጥ ከትቶታል። የምትጠጡትን አፍሉት፤ ማገዶ ካጠረሽ ውኃ አጋር ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረሽ ግማሽ ሰዓት ቆዪ። ልጁን ከያዘው ኦአርኤስ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጠሽ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ስጪው፣ በማግስቱ የተረፈውን ድፊው። ዚንኩንም ስጪው፣ ተቅማጡ ቢቆምም አሥር ቀን ይሙላ። ምግብ አትከልክዪው። ደም ካየሽበት ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ ወደ ጤና ጣቢያ።

ጉንፋኑ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ንፍጥ ለንፍጥ ይቀያየራሉ፣ አንቺም ከክፍል ይዘሽው ትመጫለሽ። ቤት ስትገቢ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ጉንፋን በአሞክሳሲሊን አይድንም፤ ከመድኃኒት ቤት «ሁለት ፍሬ ስጡኝ» የሚለውን ልማድ ተዪ። ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ስለሆነ ማር በሞቀ ውሃ ይበቃዋል፤ ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፣ የሚወለደው ሲመጣ አስታውሺ። ሲያስለው «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» የሚል ሰው ከመጣ በር ላይ መልሺው። ማወቅ ያለብሽ ጉንፋኑ ወደ ሳንባ መውረዱን ነው። ልጁ ተኝቶ ወይም ጸጥ ብሎ ሳለ ልብሱን ገልጠሽ ሆዱ ላይ እያየሽ የስልክሽን ሰዓት ይዘሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። በእሱ ዕድሜ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሌሊትም ቢሆን ይሂድ።

ስለ ጭስም አንድ ልበል፣ ኅዳር ሚካኤል ሊደርስ ነውና። በ1911 ዓ.ም. ያ ዓለምን ያዳረሰው የስፔን ጉንፋን እኛም ዘንድ ገብቶ «የኅዳር በሽታ» ተባለ፣ ኅዳር 12 ቆሻሻ ማጠኑም ከእሱ ጋር ተያይዞ ነው የሚነገረው። ግቢን መጥረጉ እሰየው። የሚያስል ልጅ ይዞ ከጭሱ አጠገብ መቆሙ ግን አይረባም። ጫማና ፕላስቲክም አትጨምሩበት። ያን ዕለት ግቢ ስትጠርጉ ያን የጭቃ ጉድጓድ እንደገና እዩት፤ መስኖ ባለበት አካባቢ፣ እንደ ቆጋ ያለ ግድብ ሥር፣ ውሃው ከዝናቡ በኋላም ስለማይደርቅ ትንኟም አትሄድም።

እሸቱን ለአማትሽ ተዪላቸው። እንዲያውም ዛሬ አንቺ ጥበሺላቸው፣ ከእሳቸው ጋር ተቀምጠሽ ብዪ፣ ልጁም ይቅመስ። ብቻ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሁን፣ ከጨለመ ደግሞ ቤት ውስጥ። የበቆሎውን አበባና የኩሬዋን ነገር ያን ጊዜ አጫውቻቸው። «እርስዎ ያሉት እኮ በጥናት ተገኘ» ብለሽ ጀምሪ፤ አጎበሩን የሚሰፉልሽ እሳቸው ይሆናሉ። ለእኔም አንድ ራስ አስቀምጪልኝ፣ በእሳት የጠቆረውን ነው የምወደው።